118 ዶላሩ ምን ይገዛል? ኤች ኦ ኤ ያለበት ታውንሃውስ ከመግዛት በፊት

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ፣ ዉድብሪጅ ውስጥ ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ቤት) ልንገዛ ነው። ወርሃዊ የኤች ኦ ኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ክፍያው 118 ዶላር ነው። ባለቤቴ የሥራ ቫን ይዞ ነው ማታ የሚገባው። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ አብራን ትኖራለች፣ እግሯን ያማታል። ቤዝመንቱን (ምድር ቤቱን) ደግሞ ለማከራየት አስበናል። የምናውቃቸው ሰዎች «ኤች ኦ ኤ ያለበት ቤት አትግዙ፣ በገዛ ቤታችሁ ተከራይ ትሆናላችሁ» ይሉናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

ምላሽ፦

በእናንተ አካባቢ ታውንሃውስ እየፈለጉ «ኤች ኦ ኤ አይኑርበት» ማለት ፍለጋውን እንደ ማቆም ይቆጠራል። ታውንሃውስ ሲሠራ መንገዱ፣ ፓርኪንጉ፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው፣ አፈር የሚያግደው ግንብ የጋራ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ይህን የሚይዝ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ከሌለ የሚይዘው የለም። ስለዚህ ጊዜያችሁን ይሄኛውን ማኅበር በመመርመር ላይ አውሉት። መመርመሪያውን ሕጉ ይሰጣችኋል፣ ግን የጊዜ ገደቡ አጭር ነው።

ማኅበር ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን እድር ነው። እድር ካልተስማማዎት መዋጮውን አቁመው ይወጣሉ። ኤች ኦ ኤ ግን ከመሬቱ ጋር የታሰረ ነው፤ ሲገዙ አባል ይሆናሉ፣ ሲሸጡ ይወጣሉ፣ በመካከሉ መልቀቂያ የለም። ግዴታው የተጻፈው በካውንቲው የመሬት መዝገብ ላይ በሰፈረው «ዲክላሬሽን» ነው። ከእሱ በታች መተዳደሪያ ደንቡ (ባይሎው)፣ ከዚያ በታች ቦርዱ በየጊዜው የሚያወጣቸው መመሪያዎች ይመጣሉ። የታችኛው ከላይኛው ጋር ከተጋጨ የላይኛው ይጸናል። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ለኖረ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ አዋጅ ቁጥር 370/1995ም የጋራ ሕንጻን የሚያስተዳድር የባለቤቶች ማኅበር አቋቁሟል። ዋናው ልዩነት ቨርጂኒያ ላይ ማስከበሪያው ጥርስ ያለው መሆኑ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር አረጋግጡ። የምትገዙት በሕግ «ሎት» ነው ወይስ «ዩኒት»? መልኩ ታውንሃውስ ሆኖ በሰነድ ኮንዶ የሆነ ብዙ ቤት አለ። ሎት ከሆነ ጣሪያው፣ የውጭ ግድግዳውና ከሥሩ ያለው መሬት የእናንተ ነው፤ ጣሪያ ሲያፈስ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፣ ኢንሹራንሱም የሙሉ ቤት ኢንሹራንስ ነው። ዩኒት ከሆነ ጣሪያና የውጭ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ የማኅበሩ ነው፣ ወርሃዊ ክፍያውም በዚያው ልክ ይጨምራል፣ እናንተ የምትገዙት ኢንሹራንስ የቤቱን ውስጥና ዕቃችሁን የሚሸፍነው፣ ኤችኦ-6 የሚባለው ይሆናል። 118 ዶላር ለታውንሃውስ ሎት የተለመደ ዓይነት ቁጥር ነው። በሰነዱ ላይ «ዩኒት» የሚል ከሆነ ግን በዚህ ገንዘብ ጣሪያ ሁሉ ይታደሳል ማለት ስለማይመስል ሁለቴ አስቡበት። ከዚሁ ጋር ማኅበሩ አንድ መሆኑን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1964 በተመሠረተችው በሰሜን ቨርጂኒያዋ ሬስተን ለምሳሌ ብዙ ታውንሃውሶች ለከተማዋ አጠቃላይ ማኅበርም፣ በሥሩ ላለው የራሳቸው የክላስተር ማኅበርም ለየብቻ ይከፍላሉ። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው አንዳንዴ አንደኛው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሰነዱ። በቨርጂኒያ ሕግ ሻጩ «ሪሴል ሰርተፊኬት» የሚባል ጥቅል ከማኅበሩ አስወጥቶ ለእናንተ መስጠት አለበት፤ ማኅበሩ ከተጠየቀ በኋላ 14 ቀን አለው። ጥቅሉ በእጃችሁ ከገባ በኋላ 3 ቀን አላችሁ። በዚያ ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት ውሉን በጽሑፍ ሰርዛችሁ ቀብዳችሁን መቀበል ትችላላችሁ። ጥቅሉ ውሉ ከመጽደቁ በፊት ደርሷችሁ ከሆነ 3ቱ ቀን የሚቆጠረው ውሉ ከጸደቀበት ቀን ነው። ጨርሶ ካልደረሳችሁ እስከ ክሎዚንግ (የመጨረሻው ፊርማና ርክክብ) ድረስ መሰረዝ ይቻላል፤ ከክሎዚንግ በኋላ ግን መብቱ አለቀ። ሕጉ ይህን ጊዜ በውሉ እስከ 7 ቀን ማራዘም ይፈቅዳል። ወኪላችሁ ውሉን ሲያዘጋጅ «7 ይሁን» በሉት። ሁለት መቶና ከዚያ በላይ ገጽ ያለው ፋይል ዓርብ ማታ በኢሜይል መጥቶ ሰኞ ጊዜው ሲያልቅ የሚያነበው ሰው አይገኝም። ኢሜይሉ የገባበት ሰዓት ነው የሚቆጠረው፣ የከፈታችሁበት አይደለም።

ከዚያ ሁሉ ገጽ መጀመሪያ የሚነበበው የሣር ቁመት ደንብ አይደለም። ሰው ሁሉ ኤች ኦ ኤን የሚፈራው በሣርና በበር ቀለም ነው፤ ገንዘብ የሚበላው ግን የመጠባበቂያ ሒሳቡ ባዶነት ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ማኅበሩ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ የመጠባበቂያ ጥናት (ሪዘርቭ ስተዲ) እንዲያስጠና ያስገድዳል። ጥናቱ የጋራ ንብረቱን በየዓይነቱ ይዘረዝራል፦ አስፋልት፣ የእግረኛ መንገድ፣ ግንብ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ዋና ገንዳ፣ የዝናብ ውሃ ኩሬ። ለእያንዳንዱ ስንት ዓመት እንደቀረው፣ ሲታደስ ስንት እንደሚፈጅ፣ አሁን ባንክ ውስጥ ስንት እንዳለ ያሳያል። «በመቶ የተሞላ» የሚል ቁጥር ፈልጉ፤ እስካሁን መቆጠብ ከነበረበት ገንዘብ ስንት በመቶው እንዳለ የሚያሳይ ነው። በሙያው የተለመደው አነጋገር ከ70 በመቶ በላይ ጠንካራ፣ ከ30 በመቶ በታች ደካማ የሚል ነው። ኩሬው ላይ በተለይ ዓይናችሁን ጣሉ፤ ማንም የማያየው፣ ደለል ሲሞላ ግን ካውንቲው አስገድዶ የሚያስጠርገው እሱ ነው።

ለምን እንደሚያሳስብ በሒሳብ እንየው። 140 ቤት ያለው ግቢ አስፋልቱን በ20 ዓመት አንዴ ለማደስ 420,000 ዶላር ያስፈልገዋል እንበል። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ቢቆጥብ ከአንድ ቤት በወር 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም በቂ ነው። ቦርዱ ግን «ክፍያ አንጨምርም» ብሎ ሲመረጥ ኖሮ በ19ኛው ዓመት ባንክ ውስጥ 90,000 ዶላር ብቻ ተገኘ። የጎደለው 330,000 ነው፤ ለ140 ሲካፈል ከአንድ ቤት 2,357 ዶላር፣ በአንድ ጊዜ። ይሄ ስፔሻል አሰስመንት ይባላል። እናንተ በ18ኛው ዓመት ከገባችሁ የቀድሞው ባለቤት ያልከፈለበትን መንገድ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ «ክፍያው ለ8 ዓመት አልጨመረም» የሚል የሻጭ ወኪል ስትሰሙ ደስ አይበላችሁ። በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ የጨመረ ማኅበር ይሻላል። አዲስ በሚሠራ ሰፈር ደግሞ ገንቢው ቤት እስኪሸጥለት ክፍያውን ዝቅ አድርጎ ይጀምራል፤ ማኅበሩ ለነዋሪው ሲተላለፍ ቁጥሩ ይነሳል።

በበጀቱ ገጽ ላይ ከ118ቱ ስንቱ ወደ መጠባበቂያ እንደሚገባ ፈልጉ። ቀጥሎ የቦርዱን የመጨረሻ 6 ወር ቃለ ጉባኤ አንብቡ፤ በጥቅሉ ውስጥ መኖር አለበት። ከሰነዱ ሁሉ እውነቱን ሳይቀባ የሚናገር እሱ ነው፦ «የግንቡ ስንጥቅ ዋጋ ይጠየቅ»፣ «የኩሬው ጠረጋ ለቀጣዩ ስብሰባ ተላልፏል» ሲል ሒሳቡ ወዴት እንደሚሄድ ይገባችኋል። ክስ ካለም በጥቅሉ መገለጽ አለበት።

ስፔሻል አሰስመንት ከመጣ ባለቤቶች አንድ መሣሪያ አላቸው። ማስታወቂያው በወጣ 60 ቀን ውስጥ የአባላት ስብሰባ ተጠርቶ በአብላጫ ድምፅ ሊሻር ወይም ሊቀነስ ይችላል። መሻሩ ግን አስፋልቱን አያድሰውም።

የኮንዶ ገዢ ይህንን ክፍል እጥፍ ማንበብ አለበት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 2021 ፍሎሪዳ፣ ሰርፍሳይድ ላይ የኮንዶ ሕንጻ ተደርምሶ 98 ሰው ሞቷል፤ ለሕንጻው ጥገና ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልግ ነበር፣ ባለቤቶቹም በክፍያው ላይ ሲከራከሩ ቆይተዋል። ከዚያ ወዲህ አበዳሪዎች ለኮንዶ ማኅበራት የሚልኩትን መጠይቅ አጥብቀዋል። ማኅበሩ ደካማ ከሆነ ገዢው የቱንም ያህል ጥሩ ክሬዲት ቢኖረው ብድሩ ሊወድቅ ይችላል።

በነገራችን ላይ 118ቱ ብድራችሁንም ይነካል። አበዳሪው ከወር ገቢያችሁ ላይ እንደ ዕዳ ይቆጥረዋል። በ6.5 በመቶ ወለድ፣ በ30 ዓመት ብድር ብታሰሉት 118 ዶላር ወደ 18,700 ዶላር ያህል ብድር ይሸከማል፤ መበደር የምትችሉት በዚያው ልክ ይቀንሳል ማለት ነው።

ወደ ቫኑ ልምጣ፤ ከጠየቃችሁት ሁሉ ቶሎ ጠብ የሚያመጣው እሱ ነው። ደንቡ ውስጥ «ኮሜርሻል ቪሂክል» የሚለውን ቃል ፍቺ ፈልጉ። አንዳንዱ ማኅበር በክብደት ወይም በርዝመት ይለየዋል፣ አንዳንዱ ጎኑ ላይ ጽሑፍ ካለ፣ አንዳንዱ ጣሪያው ላይ የመሰላል ማስቀመጫ ካለ ይበቃል ይላል። ፍቺው ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ጽሑፉን በሚነቀል ማግኔት ላይ ማድረግ መፍትሔ ነው። «ጋራዥ ውስጥ ከሆነ ይፈቀዳል» የሚል ከሆነ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፦ የተለመደው የጋራዥ በር ቁመት 7 ጫማ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ቫን አይገባም። በማኅበሩ የግል መንገድ ላይ የቆመ ቫን በባለቤቱ ወጪ ሊጎተት ይችላል። ቅርብ ያለው መንገድ የስቴቱ ከሆነ ማኅበሩ እዚያ ላይ ሥልጣን የለውም፣ ካውንቲው ግን የራሱ የንግድ መኪና ክልከላ ሊኖረው ስለሚችል እሱንም ጠይቁ። መልሱን ማኅበሩን ከሚያስተዳድረው ማኔጅመንት ኩባንያ በኢሜይል ተቀበሉ። «ጎረቤት የቦርድ አባል ነው፣ ችግር የለም አለኝ» የሚባለው ነገር ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ባዶ ነው።

ቤዝመንቱ ሁለት በር ነው የሚያንኳኳው። አንደኛው ማኅበሩ ነው፤ በቨርጂኒያ ሕግ ዲክላሬሽኑ በግልጽ ካልፈቀደለት በስተቀር ኪራይን በቅድመ ሁኔታ ማሰር አይችልም፣ ለኪራይ ማስፈቀጃ ከ50 ዶላር በላይ ማስከፈልም አይችልም። ስለዚህ የሚነበበው ዲክላሬሽኑ ራሱ ነው፤ ቦርዱ ዓምና ያወጣው አንድ ገጽ መመሪያ አይበቃም። ሁለተኛው ካውንቲው ነው፤ ለብቻው ወጥ ቤትና በር ያለው ክፍል የዞኒንግ (የመሬት አጠቃቀም) ፈቃድና ለማምለጫ የሚበቃ መስኮት ይጠይቃል። ካውንቲው ቢፈቅድ ማኅበሩ ሊከለክል ይችላል፣ ማኅበሩ ቢፈቅድም ካውንቲው። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ተመድቦ የተሰጣችሁ ፓርኪንግ ስንት ነው? ሁለት ብቻ ከሆነ አንዱ የቫኑ፣ አንዱ የእናንተ ነው፤ ተከራዩ የት ያቆማል? ጎረቤት የሚከሰው በቤዝመንት ኪራይ አይደለም፣ በሦስተኛው መኪና ነው።

ለእናትዎ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የፌዴራሉ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ አካል ጉዳትን ይጨምራል። መራመድ የሚቸግራት ሰው ካለች ራምፕ (በደረጃ ፋንታ የሚሠራ ተዳፋት) ወይም መደገፊያ በራሳችሁ ወጪ ለመሥራት፣ ወይም ፓርኪንግ ወደ በሩ እንዲቀርብ ስትጠይቁ ማኅበሩ ምክንያታዊ ጥያቄን መከልከል አይችልም። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፣ ቀን ይኑረው፤ ጉዳቱ ከውጭ የማይታይ ከሆነ የሐኪም ደብዳቤ አያይዙ። እናትዎ የአገር ቤት ቴሌቪዥን ማየት ከፈለጉ ዲሹንም አትፍሩ፦ ዲያሜትሩ እስከ 1 ሜትር የሆነ ዲሽ በራሳችሁ ብቸኛ ይዞታ ላይ፣ ማለትም በሎቱ ጣሪያ ወይም በበረንዳችሁ፣ ማኅበሩ እንዳይከለክል የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ ይጠብቃችኋል። በኮንዶ የጋራ ጣሪያ ላይ ግን ይህ ጥበቃ አይሠራም። ለቡና የሚሆን ከሰል በኮንዶ የእንጨት በረንዳ ላይ ማንደድ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያንን የሚከለክለው ከማኅበሩ በፊት የእሳት አደጋ ደንቡ ነው።

ቅጣትን በሚመለከት የሚወራው ከእውነቱ ይበልጣል። በቨርጂኒያ ማኅበር ለአንድ ጥፋት እስከ 50 ዶላር፣ ለሚቀጥል ጥፋት በቀን እስከ 10 ዶላር፣ ቢበዛ ለ90 ቀን መጣል ይችላል፤ ጣሪያው 900 ዶላር ነው። ለዚያውም ዲክላሬሽኑ ሥልጣን ሰጥቶት ከሆነ። ከመጣሉ በፊት እንድታስተካክሉ ዕድል መስጠት፣ ቢያንስ ከ14 ቀን በፊት በአደራ ደብዳቤ ወይም በእጅ ለቀጠሮ መጥራት፣ ከተሰማችሁ በኋላ በ7 ቀን ውስጥ ውጤቱን ማሳወቅ ግዴታው ነው። ደብዳቤ ሲመጣ የምታደርጉት ይህ ነው፦ ዕለቱን ፎቶ አንሱ፤ በጽሑፍ መልሱ፤ የሚስተካከል ከሆነ ቀን ቆርጣችሁ ጊዜ ጠይቁ፤ ቀጠሮው ላይ ተገኙ። አለመገኘት ነው ብዙውን ሰው የሚያስቀጣው። ውሳኔው ካላረካችሁ በማኅበሩ ውስጥ ያለውን የአቤቱታ ሥርዓት ጨርሱ፤ የመጨረሻው እምቢታ ከደረሳችሁ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ በ25 ዶላር ለስቴቱ እንባ ጠባቂ ማቅረብ ይቻላል። እንባ ጠባቂው የሚያየው ግን የስቴት ሕግ ተጥሶ እንደሆነ ነው፤ «የራሳቸውን ደንብ አላከበሩም» የሚል ክርክር መንገዱ ፍርድ ቤት ነው።

ጥርሱ ያለው ክፍያ ላይ ነው። «የገንዳው በር ተሰብሯል፣ እስኪሠራ አልከፍልም» ማለት መብት አይደለም። ያልተከፈለ መዋጮ፣ ማኅበሩ ከ10 ቀን በፊት በአደራ ደብዳቤ አሳውቆ፣ በቤቱ ላይ የዕዳ መያዣ (ሊን) ሆኖ በካውንቲው መዝገብ ይገባል፤ ሳይፈታ ቤቱን መሸጥም ሪፋይናንስ ማድረግም (ብድሩን በአዲስ ብድር መተካትም) አይቻልም። ክርክሩን የረታ ወገን የጠበቃ ወጪ ስለሚያገኝ የ118 ዶላር እልህ በጥቂት ወር ወደ ሺዎች ይሄዳል። እየከፈላችሁ ተከራከሩ። የማኅበሩን የሒሳብ መዝገብ የማየት መብት አላችሁ፤ በባለሙያ ማኔጅመንት ለሚተዳደር ማኅበር በ5 የሥራ ቀን፣ ራሱን ለሚያስተዳድር በ10 የሥራ ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ይበቃል። የቦርድ ስብሰባም ለአባላት ክፍት ነው።

ጥቅሙን አጭር ያደረግሁት ስለሌለ አይደለም፤ ግልጽ ስለሆነ ነው። በግል መንገድ ላይ በረዶ የሚጠርገው ስቴቱ አይደለም፣ ማኅበሩ ነው። ቆሻሻ፣ የመንገድ መብራት፣ የጋራ ሣር አብዛኛውን ጊዜ በዚያው 118 ውስጥ አሉ። ጎረቤት የተበላሸ መኪና በጡብ ላይ አቁሞ ዓመት ቢያስቀምጥ ከእሱ ጋር ሳትጣሉ የሚጽፍለት ሌላ አካል አለ። ቤት ስትሸጡ ይሄ ዋጋ አለው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ መጠባበቂያው ከግማሽ በላይ የተሞላ ከሆነና የቫኑ ፍቺ ባለቤትዎን የማይነካ ከሆነ ግዙት። ቫኑ የተከለከለ ከሆነ ግን ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት፤ በየማታው መኪና ማቆሚያ መፈለግ ትዳርም ይፈትናል።

ከመፈረማችሁ በፊት ሰርተፊኬቱ ላይ የቤቱ የራሱ ጥፋት ተመዝግቦ እንደሆነ እዩ። የቀድሞው ባለቤት ሳያስፈቅድ የሠራው ዴክ (ከቤቱ ውጭ የተያያዘ የእንጨት ወለል) ወይም አጥር ከቤቱ ጋር ይተላለፋል፤ ሻጩ ከክሎዚንግ በፊት ያስፈቅድ ወይም ያፍርሰው። ከገባችሁ በኋላ እናንተም አጥር ስታስቡ ቅጹን፣ አጥሩ የሚያርፍበትን ያሳየ የይዞታ ፕላን ኮፒ፣ የእንጨቱን ዓይነትና ቀለም አስገብታችሁ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይመጣ አንድ ቋሚ እንኳ አትትከሉ።

ሰው የሚሰበሰብበት ቀን ሲመጣ፣ ክርስትና ይሁን ለቅሶ፣ የእንግዳ ፓርኪንግ ጉዳይ ይነሳል። ለቅሶ ቀን አይቆርጥም፣ እንግዳውም በአንድ ማታ አያልቅም፤ የጎታች መኪና ኩባንያው ደግሞ ሐዘን አያውቅም። የዚያኑ ዕለት ለማኔጅመንቱ ኢሜይል ልካችሁ ለስንት ቀን፣ ስንት ጊዜያዊ ፈቃድ እንደምትፈልጉ ጻፉ፤ አብዛኛው ማኅበር ይሰጣል። ያልጠየቀው ነው መኪናው የሚጎተትበት።

አንድ የቀረ አለ። የኤች ኦ ኤ ክፍያ እንደ ታክስና ኢንሹራንስ ከሞርጌጁ ጋር አብሮ አይቆረጥም፤ ለብቻው ነው። በክሎዚንግ ማግስት ማኔጅመንቱ ጋ ደውላችሁ አዲስ ባለቤት መሆናችሁን አስመዝግቡ፣ የምትቀበሉበትን ኢሜይል ስጡ፣ አውቶማቲክ ክፍያ ክፈቱ። የመጀመሪያው ወር ቢል ብዙ ጊዜ በቀድሞው ባለቤት ስም ነው የሚመጣው፤ የመጀመሪያው የመዘግየት ቅጣት ግን በእናንተ ስም።